ከሃያ አራት ሁለት

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ያ አንድ እግሩ የሚያነክሰው ወንበራችሁ ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ናፍቆቴን ግን ዛሬ አልጽፍልህም፤ ተቆጥቻለሁ፣ ናፈቅኸኝ ካልኩ ደግሞ ቁጣዬን ውሃ ይበላዋል።

«ስልክ ለምን አታነሺም?» ብለህ በባለቤትህ በኩል አስጠይቀኸኛል። እንግዲህ ስማ። የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሕይወቴ ትልቁን ወሬ ይዤ ደወልኩልህ። መጀመሪያ «እህ» ትለኝ ነበር። ቀጥሎ «እህ»ህ እየራቀ ሄደ። ቀጥሎ አንኮራፋህ። እኔ ሞኟ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቶኝ ነበርና ለማንኮራፋትህ ጨረስኩለት። ባለቤቴ በኋላ ስነግረው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔ አልሳቅሁም። ስልኩንም አልዘጋሁትም፤ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ ሰዓቴን አየሁ። ከ«ሄሎ» እስከ መጀመሪያዋ ማንኮራፋት አራት ደቂቃ ነው የፈጀብህ። ይህ ደግሞ የመጀመሪያህ አይደለም፤ በሠርጌ ፎቶ ላይ እንኳ ዓይኑ የተከደነው አንተ ብቻ ነህ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በደብዳቤ ነው የምንነጋገረው። ብዕር ጨብጦ የሚተኛ ሰው እስካሁን አላየሁም። ወሬውን አልደግምልህም። ለባለቤትህ ነግሬያታለሁ፣ ለአንተ ትንፍሽ እንዳትል ግን ቃል አስገብቻታለሁ። ነቅተህ ትሰማዋለህ፣ አለዚያ ይቀርብሃል።

አዲሱ ሥራሽ ምንድነው ላልከው፣ ሰው ሲተኛ እያየሁ የምውል ሴት ሆኛለሁ። የሆስፒታሉ የእንቅልፍ ክፍል ሦስት ትንንሽ መኝታ ቤቶች አሉት፤ በእያንዳንዱ አንድ አልጋ፣ አንድ ወፍራም መጋረጃ። ቀን ቀን እንቅልፍ የሚጥላቸው ሰዎች ይመጣሉ። ጭንቅላታቸው ላይ በሚያጣብቅ ቅባት ሽቦ እለጥፍና «በሉ ተኙ» ብዬ እወጣለሁ። ከዚያ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ሽቦዎቹ ስክሪን ላይ የሚጽፉትን መስመር እከታተላለሁ። መስመሩ ሲለወጥ ሰውየው ተኛ ማለት ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት እመዘግባለሁ። ቶሎ ከተኛ፣ ያውም ሌሊቱን በቂ ተኝቶ አድሮ፣ ነገሩ ስንፍና ሳይሆን በሽታ ነው።

ችግሩ አልጋው ሦስት፣ ሰዉ ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ስምንት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይሞላል። ቁጭ ብለህ ስታነብ፣ ቴሌቪዥን ስታይ፣ መኪና ተሳፍረህ ስትሄድ፣ እንዲህ እንዲህ ባለው ጊዜ እንቅልፍ ይጥልሃል ወይ ይላል። ለያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ይሰጣል። ከሃያ አራቱ ከአሥር በላይ ያገኘ ወደ አልጋው ያልፋል፣ በታች ያገኘ ወደ ቤቱ ይሸኛል። አለቃዬ፣ ያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬን ያያችሁ የሚለው ሐኪም፣ ቅጹን ወንፊት ነው ይለዋል። እኔ ወንፊቱ የሆነ ቦታ የተቀደደ ይመስለኛል። የት እንደሆነ ግን አላገኘሁትም።

የተቆጣችው እህትህ

*

ጥቅምት 17 ቀን

ለእታለም፣ ለቁጡዋ፣

እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። ያን እሑድ ደክሞኝ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ በክሬኔ የፌሮ ብረት ወደ ፎቅ ሳወጣ ነው የሰነበትኩት። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም። ወሬው ምንድነው ብዬ ባለቤቴን ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ ተኮሳተርኩባት። ወይ ፍንክች። ብቻ ሰሞኑን እኔን ባየች ቁጥር ለብቻዋ ትስቃለች።

እዚያ ላይ ሆኜ ብቸኝነቱን እንዴት እንደምችለው ከዚህ በፊት ጠይቀሽኝ ነበር። የክሬኑ ካቢን የእናታችንን ቁም ሣጥን ያክላል፤ ዙሪያው መስታወት ነው። ወደዚያ ለመድረስ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የብረት ደረጃ እወጣለሁ። ከታች አንድ ምልክት ሰጪ አለ፤ በእጁና በሬዲዮ «ግራ፣ ቀኝ፣ አውርድ፣ ቁም» ይለኛል። ከእሱ ድምፅ በቀር ሰው የለም። ብቸኝነቱን እወደዋለሁ። እዚያ ላይ ማንም ፊቴን አያየኝም።

አሁን የምሥራች ልንገርሽ። ያንቺን ቅጽ እኔም ሞላሁት። በየዓመቱ ጤናችን ይታያል፤ ዘንድሮ ደግሞ ማሽን ላይ ለሚሠራ ሁሉ የእንቅልፍ ጥያቄ ጨመሩበት። ፈቃዴ የሚታደሰው በጥር መጨረሻ ስለሆነ ያለዚህ ቅጽ አይሆንም። ስንት ያገኘሁ ይመስልሻል? ከሃያ አራት ሁለት! ነርሷ «እርስዎማ ጉጉት ነዎት» አለችኝ። ማኅተም ተመታበት። ኮፒውን አያይዤልሻለሁ፤ ግድግዳ ላይ ስቀይው።

እና እባክሽ፣ አባታችንን ነው የወጣኸው የሚለውን የድሮ ነገርሽን ተይ። እሱ ዘበኛ ሆኖ የትምህርት ቤት በር ላይ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ፣ ልጆች ቆቡ ላይ ቅጠል ሲደረድሩበት፣ እኔ ከነሱ ጋር እዚያ ግቢ ነበርኩ። አንቺ ገና ትምህርት አልጀመርሽም ነበር። ከሥራ ሲያባርሩት ሠፈሩ ሁሉ «እንቅልፎ» አለው፣ እኔን ደግሞ የእንቅልፎ ልጅ። ያን ቀን እኔን ማንም እንዲህ አይለኝም ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ይኸው ከሃያ አራት ሁለት።

ታላቅ ወንድምሽ

*

ኅዳር 3 ቀን

ለእታለም፣

ያቺን ቁራጭ ወረቀትሽን አገኘኋት። ሰላምታ የለ፣ እንደምን አለህ የለ፤ «ዜሮዎችህን አንድ በአንድ አስረዳኝ» ብቻ። ፖሊስ እንኳ መጀመሪያ ስም ይጠይቃል። ቢሆንም ታዝዤ ምሳ ሰዓቴን ሰውቼ እጽፍልሻለሁ።

ቁጭ ብሎ ማንበብ ለሚለው ዜሮ የሰጠሁት ስለማላነብ ነው። ድሮ ጋዜጣ እወድ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ አንድ ገጽ ሦስት ቀን ሲፈጅብኝ ተውኩት። ቴሌቪዥኑን ልጆቹ ወርሰውታል፤ እኔ እነሱ ሲያዩ ሳህን አጥባለሁ፣ ባለቤቴ ጎረቤቶቿን ታስቀናበታለች። መኪና ተሳፍሮ አንድ ሰዓት መጓዝ ለሚለው፣ ቤታችንን ከሥራዬ አሥር ደቂቃ በእግር ወደሚያስኬድ ሠፈር ያዛወርኩት የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሁለት ጊዜ አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ወስዶኝ ነበርና። ስብሰባ ላይ ቁጭ ማለትን በተመለከተ፣ እኔ ሁልጊዜ በሩ ጋ ቆሜ ነው የምሰበሰበው፤ ፎርማኑ ትሑት ነው ይለኛል። ከምሳ በኋላ ማረፍ ለሚለው ደግሞ፣ ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። አንድ እጄን መስታወቱ ላይ አድርጌ ከተማውን እያየሁ ብሎኬቱን ለአክስቴ ጫማ ወተቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው አስረው እበላለሁ። ጎኔን ማሳረፍ የሚለው ላይ ሁለት ሰጠሁ፤ ጎኑን አሳርፎ የማይተኛ ማን አለ?

ስለዚህ አልዋሸሁም። ሁሉም እውነት ነው።

ሌላው ጥያቄሽ ገርሞኛል። «ሥራ ላይ ንቁ ለመሆን ምን ታደርጋለህ?» ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነዋ። ሎሚ እመጥጣለሁ። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር አስገባለሁ። የጆሮዬን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ እቆነጥጣለሁ። እዘፍናለሁ፤ ሬዲዮውን ረስቼ ሳልዘጋው ስለዘፈንኩ አንድ ቀን ሕንጻው በሙሉ አጨብጭቦልኛል። ለአሥር ደቂቃ ብቻ ነው ግን የሚሠራው፤ ከዚያ ሌላ ዘዴ እቀይራለሁ።

አሁንስ ወሬውን አትነግሪኝም?

ወንድምሽ

*

ኅዳር 12 ቀን

ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጋሼ፣

ሰላምታውን ዝለለው። ወንፊቱ የተቀደደበትን አገኘሁት! አንተ ነህ የሰጠኸኝ።

ቅጹ ስለ እንቅልፍ የሚጠይቅ ይመስለን ነበር። የሚጠይቀው ግን ስለ ወንበር፣ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ መኪና ነው። ከነዚህ ሁሉ የሸሸ ሰው ምን ያገኛል? ዜሮ። ፍጹም ነቅቶ የሚውል ሰውስ? እሱም ዜሮ። የነቃውና የሸሸው እኩል ዜሮ አግኝተው አንድ ላይ ወደ ቤት ይሸኛሉ። አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ ኑሮህን እንቅልፍ እንዳያገኝህ አድርገህ ሠርተኸዋል፤ ቤት አዛውረህ፣ ጋዜጣ ትተህ፣ ቆመህ እየበላህ። ከዚያ ቅጹ መጥቶ አንተ የሌለህበት ቦታ ሁሉ ፈለገህና አጣህ።

ደብዳቤህን ይዤ ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። ከያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ሁለት ነገር እንጨምር አልኩት። አንደኛ፣ ይህን ነገር አሁን ታደርጋለህ ወይ? ሁለተኛ፣ የማታደርግ ከሆነ ለምን ተውከው? መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ መስመር፤ እንዳትተኛ ምን ምን ታደርጋለህ? ሐኪሙ አነበበና ብድግ ሲል መነጽሩ ከግንባሩ ወረደ፤ በራሱ ጊዜ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «የአንድ ሰው ነገር ማስረጃ አይሆንም» አለኝ፤ ግን ወዲያው በዚህ ዓመት ከአሥር በታች አግኝተው የሸኘናቸውን ሰዎች ዝርዝር እንዳወጣ አዘዘኝ። አርባ ናቸው። በአዲሱ ቅጽ መልሰን ልንጠይቃቸው ነው። ትናንት ስደውልላቸው ዋልኩ፤ ድምፄ ጠፍቷል፣ ደስታዬ ግን ጣራ ነክቷል።

አሁን ግን ቀስ ብለህ አንብብልኝ። ደብዳቤህን ስለላክሁልህ መልሰህ ተመልከተው፤ ስለ ምሳህ የጻፍከውን። «ብሎኬቱን ለአክስቴ ጫማ ወተቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው» ይላል። እዚያ ቦታ ጽሑፍህ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ታች ተንሸራቷል፤ ስክሪኔ ላይ ሰው ሲተኛ የማየው ዓይነት ነው። ይህን ስትጽፍ ዓይንህ ክፍት ነበር፣ እጅህም ይጽፍ ነበር። አንተ ግን አልነበርክም። ብዕር ጨብጦ የሚተኛ የለም ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ።

እጅህ ያን ጊዜ ብዕር ነው የያዘው። ክሬኑን በያዘበት ሰዓትስ? ከመንጠቆው ሥር ስንት ሰው ነው የሚያልፈው? ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፤ መጥተህ እስክትለካ ድረስ ከዚያ ነገር ውረድ።

አንድ ጥፋትም አለብኝ። ደብዳቤህን ለሐኪሙ ሳሳይ ፈቃድህን አልጠየቅሁም። ደስታው አስረሳኝ።

እህትህ

*

ኅዳር 20 ቀን

ለእህቴ፣

ለአንቺ የጻፍኩትን ለአንቺ ነበር የጻፍኩት። መቆንጠጫዬንና ጠጠሬን ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው ስታነቢ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁሽ። ልጆቹም እንዲሁ ነበር ቅጠል የሚደረድሩት፤ ምንም ሳይመስላቸው፣ እየተደሰቱ።

ስለ አክስታችን ጫማ የጻፍኩት ቀልድ ነው። አልወርድም። ሃያ ዓመት አንድ ሰው ላይ አንድ ጠጠር አልጣልኩም። ፈቃዴ በጥር ይታደሳል፣ ማኅተሙም ተመቷል።

ለባለቤትሽ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ

*

ታኅሣሥ 8 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህ አራተኛው ነው። ልክ ነህ፤ መጠየቅ ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ። ቅጠል የደረደርኩብህ ከመሰለህ ግን ይህን እስከ መጨረሻው አንብብና ከዚያ ፍረድብኝ።

ከአርባዎቹ ሃያ ስድስቱ መጡ። አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ በድሮው ቅጽ አራት ነበር ያገኘችው። በአዲሱ ስትጠየቅ ቁጭ ብላ መስፋት ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ መርፌው ጣቷን ሁለቴ ወግቷት አሁን ቆማ ጨርቅ ብቻ ትቆርጣለች። አንድ አስተማሪ አለ፤ ክፍል ውስጥ ወንበሩን አስወጥቶታል፤ ተማሪዎቹ ትጉ ነው ይሉታል። «ለምን ተውከው?» ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ አለቀሰ። ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረኝ። ጋሼ፣ ሁሉም እንዳንተ ነው የሚያወሩት። ሁሉም «ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነዋ» ይላሉ።

አሥራ አንዱ «ተውኩት» የሚለውን መልስ ደጋግመው ሰጡ። አስተኛናቸው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ስምንት ደቂቃ ሳይሞላቸው ጭልጥ አሉ! ምንም ነገር ካልተዉት ደግሞ ስድስቱን ለማነጻጸር አስተኛን፤ ቶሎ የተኛው አንድ ብቻ ነው። ሐኪሙ ቁጥሩ ገና ትንሽ ነው፣ አትጨፍሪ ይለኛል። ራሱ ግን ውጤቱን ሲሰማ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ዞሮ ነው የተመለሰው። ሌሎች ሁለት ሆስፒታሎች አዲሱን ቅጽ እንዲሞክሩት ጽፏል።

«ያ ወንድምሽስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለመሥሪያ ቤቱ ልጻፍለት ወይ አለ። እምቢ አልኩ። ራሱ ይወርዳል እንጂ አናወርደውም አልኩት። ልክ ልሁን ልሳሳት አላውቅም። ከመንጠቆህ ሥር የሚያልፉት ሰዎች ግን፣ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ሥራዬ እንቅልፍ ሆኖ እንቅልፍ ነስተውኛል።

አባታችን ሰነፍ አልነበረም። ይህን አሁን በእርግጠኝነት መናገር እችላለሁ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን የጠየቀው ሰው አልነበረም፣ ያ ብቻ ነው።

እህትህ፣ እግርህ ላይ የወደቀችው

*

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለእታለም፣

ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። የምጽፈው ነገር እየከበደኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ፣ ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ነው የምጽፈው። ብዕሬ ሲንሸራተት በክርኗ ትጎሽመኛለች። ሦስቴ ጎሽማኛለች።

ባለፈው ማክሰኞ ለምሳ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የፌሮ እስር ወደ አራተኛው ፎቅ አወጣ ነበር። ሎሚ አፌ ውስጥ ነበር፣ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ፣ መቆንጠጫ ጆሮዬ ላይ። ምልክት ሰጪው በሬዲዮ «ቁም» ሲለኝ ሰምቻለሁ። ከዚያ ደግሞ «ቁም! ቁም!» ሲል ሰማሁ። እኔ በሁለቱ መሐል ምንም ጊዜ ያለፈ አልመሰለኝም። ዓይኔ ክፍት ነበር። ፌሮው ግን አራተኛው ፎቅ ላይ አልነበረም፤ ከሠራተኞቹ ምሳ ቤት ቆርቆሮ በላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። እኔ ነኝ ያዞርኩት። መቼ እንዳዞርኩት አላውቅም።

ምሳ ቤቱ ባዶ ነበር። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሠላሳ ሰው ይገባበታል። ማንም አልተነካም። ይህን ደግሜ የምጽፍልሽ ለራሴ ነው፤ ማንም አልተነካም።

ፌሮውን መሬት አሳረፍኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወረድኩ። ፎርማኑ ታች እየጠበቀኝ ነበር።

«አመመህ?» አለኝ።

«አይ» አልኩት። «ተኛሁ።»

ሃያ ዓመት የሸሸሁት ቃል ይህ ነበር። ስናገረው የሚገርምሽ ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም ጠጠሩን ከጫማዬ አውጥቼ የጣልኩ ያህል ቀለለኝ። ፎርማኑ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ውሃ አመጣልኝ። በማግስቱ ያን ማኅተም ያለበትን ቅጽ ራሴ ወስጄ ለነርሷ መለስኩላት። ጉጉት አይደለሁም አልኳት።

በአዲሱ ቅጽሽ ጠይቂኝና መልሴን ለማንም ብታሳዪ ፈቅጃለሁ። በጥር አጋማሽ እመጣለሁ። አልጋ ያዢልኝ። በባቡር ነው የምመጣው፤ መጨረሻው ፌርማታ የናንተ ከተማ ስለሆነ እንቅልፍ ቢወስደኝም አላልፈውም።

ወንድምሽ

*

ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

በሰላም መግባትህን ባለቤትህ ነግራኛለች። ውጤቱን በቃል እንዳትነግሪኝ፣ በእጄ ይዤ ማንበብ እፈልጋለሁ ብለህ ስለሄድክ ይኸው።

ሌሊቱን ሰባት ሰዓት ተኩል ተኝተሃል። ቀኑን በየሁለት ሰዓቱ አምስት ጊዜ «በል ተኛ» አልኩህ። አምስቱንም ጊዜ ተኛህ። አራተኛው ላይ መጋረጃውን ስቤ ወደ ስክሪኑ ሳልደርስ ቀድመኸኝ ነበር። አማካዩ ስንት ሆነ መሰለህ? ሁለት ደቂቃ። ከሃያ አራት ሁለት ብለህ የፎከርክበት ሁለት ይህ ነው። ሐኪሙ እንዳለው የታመመው ጭንቅላትህ ውስጥ ነቅተህ እንድትቆይ የሚያደርገው ነገር ነው፤ አንተ ሰነፍ አይደለህም፣ ሆነህም አታውቅም። መድኃኒት አለው። የተመደበ የቀን እንቅልፍም አለው፤ እሱን እንደ መድኃኒቱ ሳታጓድል ትወስደዋለህ። ፈጽሞ አይድንም፣ ግን ይገራል። ክሬኑን በተመለከተ ቶሎ ተስፋ አልሰጥህም አለ፤ እኔም አልሰጥህም።

አሁን እንደ እህት ልጻፍ። በሩን ስከፍትልህ ያደረግኸው እስካሁን ያስቀኛል። ቦርሳህን ይዘህ ቆመህ ሆዴን አየህ፣ ፊቴን አየህ፣ እንደገና ሆዴን አየህ። «ያን እሑድ የነገርሽኝ ይህን ነበር?» አልክ። ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ ብለህ አለቀስክ፤ ሽንት ቤት የሚሄደው ጎረቤታችን ሳይቀር አጽናናህ። አጎት መሆንህን ለማንኮራፋትህ ስለነገርኩት ይቅር ብዬሃለሁ። የምወልደው በግንቦት መጀመሪያ ነው።

አዲሱን ቅጽ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የኛ ሆስፒታል ለሁሉም ሊጠቀምበት ነው! ሁለቱ ሆስፒታሎችም እየሞከሩት ነው። አራተኛዋ ጥያቄ ሥር «በስብሰባ ላይ ቆመህ ነው የምትሰበሰበው?» የሚል ጨምረናል። ከየት እንደመጣ አንተና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

እህትህ

*

መጋቢት 15 ቀን

ለእታለም፣

ትቆጫለህ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንዳንዴ። ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ያንን ደረጃ ሲወጣ አንገቴን አቅንቼ ስቆጥርለት ራሴን አገኘዋለሁ። አሁን እኔ ታች ነኝ፤ ምልክት ሰጪ ሆኛለሁ። ክሬኑን ለሃያ ዓመት የነዳ ሰው፣ ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚታየውና ምን እንደማይታየው ያውቃልና ፎርማኑ ጥሩ ምልክት ሰጪ ወጥቶሃል ይለኛል። ቆሜ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ ነው የምውለው። ለካ ሰዎቹ ፊት ነበራቸው፤ ከላይ የማያቸው ቆብ ብቻ ነበር።

አራት ሰዓት ላይና ስምንት ሰዓት ላይ ሲሚንቶ መጋዘኑ ጥግ ፎርማኑ ባዘጋጀልኝ አልጋ ላይ ሃያ ሃያ ደቂቃ እተኛለሁ። መጀመሪያ ቀን «እንቅልፎ» የሚል ስም ይወጣልኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ስም አወጡልኝ፤ «ሰዓት» ይሉኛል። እኔ ወደ መጋዘኑ ስሄድ አይተው ሻይ ይወጣሉ። መድኃኒቱም ይዞልኛል። ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ገዛሁ። አንድ ገጽ አንዴ ቁጭ ባልኩበት ጨረስኩ። ባለቤቴ ሳህኑ ስለሚጠራቀም አልተደሰተችም።

አባታችንን አስባለሁ። ወንበሩን አስባለሁ። እኔ ከልጆቹ አንዱን እንኳ ተዉት ብዬ አላውቅም፤ አፍሬበት ነበር። ያኔ አንድ ሰው መጥቶ «ለምን?» ብሎት ቢሆን እላለሁ። ይህን ለአንቺ እንጂ ለሌላ ሰው መጻፍ አልችልም።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ስትወልጂ ደብዳቤ አትጻፊልኝ። ደውዪልኝ። ያውም ዘጠኝ ሰዓት ላይ፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ሰዓት እሱ ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ያን እሑድ የጀመርሽውን።

ወንድምሽ

*

ግንቦት 14 ቀን

ለእታለም፣ ለአራስዋ፣

ደብዳቤ ይቅር ብለን ተስማምተን ነበር፤ ይህቺን አንዷን ግን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም፣ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚያው መጋዘኑ ደጃፍ፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ ስልኩን ይዤ ነበር። ቁጭ ብዬ ነው ያልኩሽ፤ አልቆምኩም። ሎሚ የለ፣ ጠጠር የለ፣ መቆንጠጫ የለ። ደወልሽ። ሴት ናት አልሽኝ። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ አልሽኝ። አገጯ የአባታችን ነው አልሽኝ። ያን እሑድ የነገርሽኝን ከመጀመሪያው ጀመርሽልኝ፤ እንዴት እንዳወቅሽ፣ ለባለቤትሽ ሳትነግሪ ስልኩን እንዴት እንዳነሳሽ፣ ከማንም በፊት ለኔ ልትነግሪኝ እንደነበር። ይህን አላውቅም ነበር። ከማንም በፊት ለኔ።

ከዚያ ድምፅሽ መራቅ ጀመረ። «እና…» አልሽ። ቀጥሎ «እ…» አልሽ። ቀጥሎ አንኮራፋሽ።

የሥራ ልማድ ሆኖብኝ አይደለም፣ ካንቺ ለምጄ ነው፣ ሰዓቴን አየሁ። ከ«ሄሎ» እስከ መጀመሪያዋ ማንኮራፋት ስድስት ደቂቃ። አራስ ነሽ፣ አይፈረድብሽም፤ ቅጹንም አልሞላብሽም።

ስልኩን አልዘጋሁትም። ያንቺ ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር፣ ከሥሩ ደግሞ የሷ፤ ቶሎ ቶሎ፣ ትንሽ ትንሽ። ጓደኞቼ ከሻይ ሲመለሱ በእጄ «ቁም» የሚለውን ምልክት ሰጠኋቸውና ሁሉም ባሉበት ቆሙ። አርባ ደቂቃ አዳመጥኩ። አንዱም አላመለጠኝም።

ታላቅ ወንድምሽ